ሕመምህን የመለስኩብህ እኔ ነኝ

ውድ አባዬ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ጽፌ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልሰርዘው ነበር። ብሰርዘው ግን ውሸት ይሆንብኛል። ውድ ነህ፤ ደግሞ በጣም ተናድጄብሃለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይቀመጡ፤ እኔ ላስታርቃቸው አልችልም።

ይህን ደብዳቤ አጎቴ ነው የሚያመጣልህ። ትናንት ቤት መጥቶ ነበር። ቁጭ በል ብንለው እምቢ ብሎ በር ላይ እንደቆመ «አባትሽ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹የገዛ ልጄ ጉልበቴን ነጠቀችኝ› ነው የሚለው» አለኝ። እማዬ የሰው አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ካውያዋን አቆመችና «እሱስ ስለ እሷ ጉልበት ጠየቀ?» አለችው። አጎቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አልጠየቅክም ማለት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሳዝንልህ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት የፈለግኩት።

አፌ ቶሎ እንደማይፈታ ታውቃለህ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ሱቅ ተልኬ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ የመጣሁበት የሚጠፋኝ ልጅ ነኝ። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከአንተ ጋር ሥራ መውጣት ስጀምር ሰው «ምነው ትምህርቷን አቋረጠች?» ሲልህ «እሷ ከሰው ይልቅ ከሴራሚክ ጋር ትግባባለች» እያልክ ታስቃቸው ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም። በአፌ ያልነገርኩህን እንግዲህ በጽሑፍ ልንገርህ። ቢያንስ እንደ ልማድህ መሃል ላይ «እሺ እሺ ገባኝ» ብለህ አታቋርጠኝም።

መጀመሪያ ደጉን ጊዜ ልጻፍ፤ አለዚያ ለምን እንደምቃጠል አይገባህም።

በእኛ ሥራ ሰዓት አልነበረም። ሌሎቹ ሠራተኞች የሻይ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት ሲሉ እኛ የምናርፈው ጉልበትህ ሲናገር ነበር። ተንበርክከህ ሴራሚኩን ታስቀምጣለህ፣ በጎማ መዶሻው ኳ ኳ ታደርገዋለህ፣ ውሃ ልኩን ታጋድምበታለህ፤ ከዚያ ድንገት ፊትህ ይጨማደድና «አለቃ ተናገረ!» ትላለህ። አለቃ የምትለው ጉልበትህን ነበር። ወዲያው በጀርባህ ተንጋለህ እግርህን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ትሰቅላለህ። እኔ ባልዲዬን ደፍቼ እቀመጥበታለሁ። የቤቱ ባለቤት መጥቶ «እናንተ ደግሞ ዛሬም ተኛችሁ?» ሲል «ጌታዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? አለቃዬ ሳይፈቅድልኝ አልነሳ ነገር!» ትለዋለህ። ሰውየው ሳይወድ ይስቃል።

አንተን ያወቅኩህ እዚያ ወለል ላይ ነው። እማዬ ትሠራበት የነበረውን ቤት ወለል ስታነጥፍ፣ ገና ያልደረቀውን ረግጣብህ እንዴት እንደተጣላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ የእግሯን ምልክት ማጥፋት እንዴት እንደከበደህ የነገርከኝ ያኔ ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ አታወራም ነበር። ያን ጊዜ እኔን አያመኝም ነበር። በአንተ ሕመም ሁለታችን እናርፍ ነበር።

ሕመሙ ቀልድ ነበር እያልኩ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ይዘህ ነበር። ሱሪህን የምትለብሰው ቁጭ ብለህ፣ እግርህን በእጅህ አንስተህ ነበር። ደረጃ ስናይ ትከሻዬን ትይዝ ነበር። ሐኪም ቤቱ ለጉልበት ሕመም አዲስ መርፌ እያጠና መሆኑን እማዬ ስትሰማ እየጎተተች የወሰደችህ ለዚህ ነው።

የዚያን ቀን እኔም ነበርኩ። በሩ አጠገብ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማንም ልብ ያለኝ አልመሰለኝም። ዶክተሯ ግን እንደ ትልቅ ሰው ለሁላችንም አስረዳችን። «በሰውነታችን ውስጥ ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር አለ» አለች። «ሕፃን ገና ሲፈጠር ነርቮቹ እንዲያድጉና ቆዳው ድረስ እንዲዘልቁ የሚረዳው እሱ ነው። ሰው ካደገ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይይዛል። በተጎዳ ቦታ ላይ ይበዛና ነርቩን ያስቆጣዋል። ነርቩ ከተቆጣ በኋላ ትንሹም ነገር ያማል።»

«ሆርሞን ነው?» አለች እማዬ።

«እንደ ሆርሞን ሁሉ መልእክት የሚያደርስ ነው። እኛ የዕድገት ንጥረ ነገር እንለዋለን።»

«ታዲያ ያሳደገው ራሱ ነው የሚያሳምመው?»

«በአጭሩ እንደዚያ ነው» አለች ዶክተሯ።

አንተ ደግሞ መቼ ዝም ትላለህ! «እኔ ማደግ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ፤ ቁመቴን እዩት እስቲ። ይኼ ንጥረ ነገር ሥራ ቢፈታ ነው እኔ ላይ የተነሳው» አልክ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ፊቷ ጠበቅ አለ። መርፌው ያንን ንጥረ ነገር እየያዘ ነርቩ ጋ እንዳይደርስ እንደሚያደርገው ነገረችህ። «ልብ ይበሉ፣ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጉልበቱን አይጠግነውም። ስላላመመዎት ድነዋል ማለት አይደለም። ጥቂት ሰዎች ላይ መገጣጠሚያው በፍጥነት ሲፈርስ አይተናል። ሙሉ ምክንያቱን ገና እያጠናን ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋላቸው ጉልበታቸውን ከልክ በላይ ማሠራታቸው አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ መንበርከክ የለም፣ ሸክም የለም፤ ካበጠ ወዲያው ይደውላሉ።»

«እኔ?» አልክ መዳፍህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ። «ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው።»

መርፌውን ከተወጋህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሱሪህን ቆመህ ለበስክ። በአንድ እግርህ ቆመህ! እማዬ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። አንተ ጎትተህ አስነሳሃትና በዚያች ጠባብ ክፍል መሃል አሽከረከርካት፤ ብርጭቆ ሰበራችሁ፤ ማንም አልተቆጣም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። አባቴ ተመለሰልኝ አልኩ። ከእኔ ጋር መንገድ ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ የስብሰባ አዳራሹን ሥራ ያዝክ።

እማዬ «ዶክተሯ ምን ነበር ያለችው?» ስትልህ «ዝም ብዬ ልጆቹን አዛለሁ እንጂ እጄን አላነሳም» አልካት። የትኞቹን ልጆች? አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አንተና እኔ ብቻ ነን። እስከዛሬ ካነጠፍነው ሁሉ የሚሰፋ ወለል ነበር። ጠዋት ተንበረከክን፣ እስኪጨልም አልተነሳንም። አንተ ፊት ፊት ታስቀምጣለህ፣ እኔ ከኋላህ በየሴራሚኩ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላሁ፣ በስፖንጅ እየጠረግኩ በጉልበቴ እከተልሃለሁ። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። ቢጨንቀኝ «አባዬ፣ አለቃ ዛሬ ምን አለ?» አልኩህ።

«አለቃ ጡረታ ወጣ!» አልክና ሳቅክ። ሳቅህ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተመላለሰ።

ከጉልበቴ በታች ያለው አጥንት ላይ መጀመሪያ ትኩሳት ነገር ነበር። ከዚያ እብጠት ወጣ። ከዚያ ስንበረከክ ምስማር ላይ የቆምኩ ያህል ሆነ። ስፖንጅ አጥፌ ከሥሩ አስቀመጥኩ፤ ምንም አላገዘኝም። ብርታቴን ሁሉ አሰባስቤ «አባዬ፣ ያመኛል» አልኩህ። ያቺን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደታገልኩ አታውቅም። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

«እያደግሽ ነው» አልክ። «የማደግ ሕመም ነው። ቁመት እኮ በነጻ አይመጣም።»

በሌላ ቀን ደግሜ ነገርኩህ። ያን ቀን የተናገርከውን ስሞት ካልሆነ አልረሳውም። «እኔን በዚህ ዕድሜዬ ሳያመኝ አንቺን ምን ነካሽ?»

አባዬ፣ ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ እኮ እተወው ነበር። ሕመም የማያውቅ ሰው ሕመም አይገባውም፤ ምን ይደረጋል። አንተ ግን ታውቀው ነበር! ዕድሜህን ሙሉ አብሮህ ሲተኛ፣ አብሮህ ሲነሳ የኖረ ነገር ነው። እንዴት ከአንተ በወጣ ማግሥት ዓለም ላይ የሌለ መሰለህ? ሲያልፍለት ድሃ ዘመዱን መንገድ ላይ እንደማያውቅ ሰው ሆንክብኝ። እንደዚያ ዓይነት ሰው ሲወራ ምራቅህን ትተፋ አልነበር?

ደግሞ የራስህንም አይቼዋለሁ። ግራ ጉልበትህ አብጦ ነበር። ስትነሳ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ አንተ ባትሰማውም እኔ ከኋላህ ሆኜ እሰማው ነበር። በጨርቅ ጠቅልለህ ሱሪህን ከላይ ትለብሳለህ። ስትራመድ እግርህ ወደ ውጭ መጠምዘዝ ጀምሮ ነበር። «አባዬ፣ አብጧል» ስልህ «ያምማል ወይ ነው ጥያቄው። አያምም!» ትለኛለህ።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ዶክተሯ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይምጣ አለች። እማዬ ልብሷን ለብሳ ጨርሳ ነበር፤ አንተ ግን ሥራሽ ይበደላል ብለህ አስቀረሃትና እኔን ወሰድከኝ። እውነተኛውን ምክንያት ኮሪደር ላይ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልን ነገርከኝ። ክንዴን ያዝ አድርገህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ «እናትሽ ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል፤ ታጋልጠኛለች» አልክ። «አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ፤ አፍ የለሽም። ቤት ነው የሚውለው ወይ ስትልሽ ራስሽን ብቻ ነቅነቅ አድርጊ። ዝም አይነቅዝም።»

አፍ የለሽም! ስታመሰግነኝ እኮ ነው። ዓይን አፋርነቴ እኔን ስንት ቦታ እንዳዋረደኝ፣ ስንት ጊዜ ተደብቄ እንዳስለቀሰኝ ታውቃለህ። አንተ ለዚያ ነገር ሥራ አገኘህለት።

ገባን። ዶክተሯ የጉልበትህን የራጅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰቅላ አሳየችን። ግራው ላይ በአጥንቶቹ መካከል የነበረው ክፍተት በጣም ጠቧል። ቀኙ ገና ደህና ነው። «ይንበረከካሉ?» አለችህ።

«ኧረ በጭራሽ! ምን በወጣኝ!»

«ሸክምስ?»

«ጋዜጣም አልሸከም።»

ቀልድህ አላሳቃትም። «እንግዲያው ይስሙኝ» አለች። «በእርግጥ አርፈው ከሆነ የዛሬውን መርፌ እሰጥዎትና ከቅርብ እከታተላለሁ። ሲንበረከኩ ከቆዩ ግን ዛሬውኑ አቆመዋለሁ፤ አለዚያ ቀኙም እንደ ግራው ይሆናል፤ ሲፈርስም አይሰማዎትም።» ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «አንቺስ? አባትሽ ምን ሲሠራ ነው የሚውለው?»

አንገቴ ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር። ይህንን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ለአንተ ብዬ ልነቀንቅ ነበር። ነርሷ ግን መርፌውን በትንሽ ትሪ ይዛ ከጎንህ ቆማለች። አንተም እጅጌህን ሰብስበህ ትጠብቃለህ። ያንን ክንድህን ሳይ ቀኝ እግርህም ወደ ውጭ ተጠምዝዞ፣ አንተ «አያምም!» እያልክ ስትስቅ ታየኝ።

ቃል ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ስለዚህ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩና አሳየኋት። ጉልበቴ ምን እንደሚመስል አይተኸው ታውቃለህ? እንደ ተረከዝ ደንድኖ፣ ጠቁሮ፣ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ፣ ከሥሩ ያ እብጠት ተቀምጦ። ከዚያ ነው ድምፅ የወጣኝ። «አብረን ነው የምንንበረከከው» አልኩ።

ነርሷ ትሪውን ይዛ ወጣች። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነስታ ፊቴ ቁጢጥ አለችና እብጠቱን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ነካችው። «ያምሻል?» አለችኝ።

እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ናት። አለቀስኩ። አንተ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታይ ነበር።

«አባቴ የማደግ ሕመም ነው ብሏል» አልኳት።

«ማደግሽም አለበት» አለች። «አጥንትሽ የሚያድግበት ቦታ ገና አልጠነከረም፤ ስትንበረከኪ ክብደትሽ እዚያው ላይ ይጫናል፣ ጅማቱም በጎተተው ቁጥር ይቆጣል። ማደግ ብቻውን ግን እንዲህ አያደርግም። ይኼ ሥራው ነው።» ከዚያ ወደ አንተ ዞራ «ልጅቷ ማረፍ አለባት» አለችህ። አንተ እጅጌህን መልሰህ ተነሳህ።

ኮሪደሩን ጨርሰን በሩ ጋ ስንደርስ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አልክ። አውቶቡስ ውስጥ ከእኔ ርቀህ ቆምክ፤ አጠገቤ ባዶ ወንበር ነበር።

መርፌው ከሰውነትህ እየለቀቀ ሲሄድ ሕመምህ ተመለሰ፤ እንዲያውም ብሶ ተመለሰ። ሱሪህን እንደገና ቁጭ ብለህ መልበስ ጀመርክ። ስታቃስት እኔን እያየህ ነበር። ወንበር ባቀርብልህ አትቀመጥም፤ ውሃ ባመጣልህ አትጠጣም፤ «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» ትለኛለህ። በመጨረሻ የሥራ ዕቃህን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለህ አጎቴ ቤት ሄድክ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ምን አጠፋች ልጄ?» ስትልህ ሰማሁ። መልስህንም ሰምቻለሁ። «ሸጠችኝ» ነው ያልከው።

እንግዲህ ልንገርህ። አልሸጥኩህም። ሕመምህን የመለስኩብህ ግን እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ አደርጋለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም። ሕመሙ ጠላትህ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ሁለታችንንም ያሳርፈን ነበር። ሲሄድ የቀረው አባቴ ግን እኔን አያይም፣ አይሰማም። የትኛውን ልምረጥልህ? አንተ በእኔ ቦታ ሆነህ የትኛውን ትመርጥ ነበር?

የናደደኝ መደበቅህ ብቻ አይደለም። ሥራ ያስፈልገን ነበር፤ አውቃለሁ፤ ሰው ሲቸገር ይደብቃል። የናደደኝ ደስታህ ውስጥ ለእኔ ቦታ አለመተውህ ነው። ሳያምህ ስትውል አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ «ነይ ልጄ፣ ዛሬ አንቺ ተንጋለዪ፤ እኔ አላመመኝም» ብትለኝ ኖሮ ራሴን መነቅነቅ ቀርቶ እምልልህ ነበር። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ በሐሰት እምልልህ ነበር። እንኳን አላልከኝ።

አሁን አጎቴ የነገረንን ስማ። የሕመም ክኒን እየዋጥክ እንደገና ትንበረከካለህ አሉ። መርፌውን ከሌላ ቦታ የሚያገኝልህ ሰው ትፈልጋለህ አሉ። ዶክተሯ ደግሞ ለእማዬ ደውላ ነበር። ግራ ጉልበትህ በኦፕራሲዮን መቀየር አለበት፤ ቀኙ ግን ከእንግዲህ ካልተንበረከክበት ይተርፋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ይምጣ ብላለች። የተናደድክብኝ ከሆነ ተናደድ። የምትናደደው ግን በሁለት እግርህ ቆመህ ይሁን።

እኔ ከእንግዲህ ወለል ላይ አልሠራም። ለአንተም፣ ለማንም። ያቋረጥኩትን ክፍል የሚያስቀጥል ትምህርት ቤት አግኝተናል፤ የመጀመሪያው ቀን ስምሽን ንገሪን ሲሉኝ ምን እንደምሆን እግዜር ይወቅ። ስሜን እነግራቸዋለሁ። ዶክተሯን ያናገርኩ ልጅ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለራሴ ጉልበት እዚያው ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። የዶክተሯ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ሊፍቱም ሁልጊዜ እንደተበላሸ ነው። ከደረጃው ሥር እጠብቅሃለሁ። ብትመጣ ሰላም እልህ ይሆናል፤ ላልልህም እችላለሁ፤ ገና አልወሰንኩም። ትከሻዬን ግን እሰጥሃለሁ፤ ይዘህ ትወጣለህ። ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፣ በየመሃሉም እቆማለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። እኔንም ያመኛል።

ልጅህ ነኝ፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም።